ቦሎቄ ከቤከን ጋር በፕሬዠር ኩከር፦ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ለምን ጠጠር ሆነ?

መጀመሪያ ጥያቄውን ባጭሩ ላስቀምጠው። ጠያቂዋ የምትኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። የሥራ ባልደረባዋ በነገረቻት መሠረት ቀይ ቦሎቄ ከቤከን ጋር በኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር ሠራች። ቦሎቄውን አልዘፈዘፈችም። ከዓምና የተረፈ ግማሽ ከረጢት ነበራት፣ አዲስ ገዝታ ቀላቀለችበት። ቤከኑን ጠበስ አድርጋ ሽንኩርት፣ የቲማቲም ድልህ፣ ሞላሰስና ውሃ ባንድ ላይ ጨምራ 30 ደቂቃ ሞላችው። ጨው ግን አላስገባችም፣ እናቷ «ጨው እህል ያደርቃል» ስላሏት። መሃል ላይ ማሽኑ «በርን»፣ አረረ ማለት ነው፣ ብሎ ቆመ። ውሃ ጨምራ ቀጠለች፣ እንዳለቀም እንፋሎቱን ወዲያው ለቀቀችው። ሲከፈት ግማሹ ተገሽልጦ ፈርሷል፣ ግማሹ ጥርስ ይታገላል። በዚያ ላይ እናቷ ከአገር ቤት መጥተው አብረዋት ነው ያሉት፣ ያሳማ ሥጋ አይነኩም። «ለሳቸው በምን ልተካው? በዚሁ ድስትስ ለሳቸው ማብሰል ይቻላል?» ትላለች።

እህቴ፣ ድስትሽ ምንም አልሆነም። ባልደረባሽም ክፉ ምክር አልሰጠችሽም። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ቦሎቄ በመጀመሪያው ዙር ውሃ፣ ትንሽ ጨውና ስብ ብቻ ነው የሚፈልገው። የሚኮመጥጥና የሚጣፍጥ ነገር የሚገባው ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ ነው። እኔ ሥራዬ ወጥ ቤት ነው፣ ብዙ ሰው ለሚበላበት ቤት ነው የማበስለው፣ እና በቦሎቄ ላይ ከሚመጣ ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ አያልፍም።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። የቦሎቄን ቅርፊትና ውስጡን አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም ፔክቲኑን አጥብቀው ያስሩታል። ቦሎቄ በሰለ የምንለው ይህ ማሰሪያ ሲላላ ነው። ኮምጣጣ ነገር፣ ማለትም ቲማቲም፣ አቼቶ፣ ሎሚ፣ ማሰሪያው እንዳይላላ ያደርጋል። ሞላሰስ ደግሞ ሁለት ጥፋት አለበት፦ ኮምጠጥ ይላል፣ ካልሲየምም አለው፤ ስኳሩም አይረዳም። አንቺ ሁለቱንም ከመጀመሪያው ከተሻቸው። 30 ደቂቃ አይደለም ሰዓት ሙሉ ብታቆዪው ጠጠር የሚሆን አይጠፋም ነበር። በነገራችን ላይ የቦስተን ቤክድ ቢንስ በሞላሰስ ለረጅም ሰዓት ምድጃ ውስጥ ተቀምጦ ሳይፈርስ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ ግን ቦሎቄው አስቀድሞ ይቀቀላል።

ግማሹ የፈረሰውስ? እሱ የከረጢቶቹ ጉዳይ ነው። ቦሎቄ ደረቅ ስለሆነ ዘላለም የሚቀመጥ ይመስለናል። ሳይነቅዝ መቀመጡን ይቀመጣል፣ ግን እያረጀ ሲሄድ፣ በተለይ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ፣ ውሃ መጠጣቱንም መላሙንም እየተወ ይመጣል። የዓምናውና የዘንድሮው አንድ ድስት ውስጥ ሲገቡ አንዱ በስሎ ሲያልቅ ሌላው ገና ጥሬ ነው። ስለዚህ ሁለት ከረጢት አትቀላቅዪ። ካልቀረልሽ ለየብቻ ቀቅለሽ በኋላ ቀላቅዪው። ስትገዢም ብዙ ደንበኛ ያለው፣ ዕቃው ቶሎ ቶሎ የሚገላበጥበት ሱቅ ግዢ። የሜክሲኮዎች ሱቅ ለዚህ ጥሩ ነው፣ እዚያ ቦሎቄ አይከርምም።

ቀሪውን ያበላሸው እንፋሎቱን ወዲያው መልቀቅሽ ነው። በፕሬዠር ውስጥ ያለው ውሃ ሙቀቱ ከመቶ ዲግሪ በላይ ነው። ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ድስቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ባንዴ ይንተከተካል፣ ቦሎቄው ውስጥ ያለው ውሃም ጭምር። ያኔ ቅርፊቱ ይፈነዳል። አረፋውም ወደ ላይ ወጥቶ ቫልቩን ሊደፍነው ይችላል፣ ይህ ደግሞ ከጣዕም ያለፈ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ለቦሎቄ ሁልጊዜ በራሱ ጊዜ እንዲተነፍስ ተይው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ይህ ጊዜ የማብሰያው አካል ነው፣ ቦሎቄው በዚያ ውስጥም እየበሰለ ነው። «ዜሮ አለ፣ አለቀ» ብለሽ አትነሺ።

አሁን ስለ ጨው። እናትሽ ጨው ያደርቃል ማለታቸው ብዙ እናቶች የሚሉት ነው፣ ንፍሮ ሲቀቅሉም ጨው መጨረሻ ላይ ነው የሚያደርጉት። እኔም ከሳቸው ጋር ክርክር አልገጥምም። ግን አንድ ነገር ሞክሪ፦ ቦሎቄውን የምትዘፈዝፊበት ውሃ ውስጥ ጨው ጨምሪ። ለአንድ ሊትር ውሃ 15 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ሳይሞላ። ለአንድ ፓውንድ ቦሎቄ፣ 450 ግራም መሆኑ ነው፣ ሁለት ሊትር ውሃ ይበቃል። ከጨው የሚመጣው ሶዲየም ቅርፊቱ ላይ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም በከፊል አስለቅቆ በቦታቸው ይገባል። ስለዚህ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ሲበስልም አይፈነዳም። ከ8 እስከ 12 ሰዓት በቂ ነው። ቤትሽ ሞቃት ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ አለዚያ መኮምጠጥ ይጀምራል። ጠዋት ውሃውን ድፊው፣ አለቅልቂው። ሆድ የሚነፋው ስኳርም ከፊሉ ከዚያ ውሃ ጋር ይሄዳል።

መዘፍዘፍ ግዴታ ነው ወይ ካልሽኝ፣ ለፕሬዠር ኩከር ግዴታ አይደለም። ሳይዘፈዘፍ ይበስላል። እኔ ግን ለእንግዳ የሚቀርብ ከሆነ ሳልዘፈዝፍ አላበስልም፣ ምክንያቱም ያልተዘፈዘፈ ቦሎቄ ውሃ የሚጠጣው እኩል አይደለም፣ አንዱ ሲፈርስ አንዱ ይቀራል። ድንገት ካስፈለገሽ ሁለት ደቂቃ አፍልተሽ አውርጂውና ከድነሽ አንድ ሰዓት አስቀምጪው፣ ከዚያ ውሃውን ደፍተሽ ቀጥዪ። እንደ ሌሊቱ ባይሆንም ከምንም ይሻላል።

ቀይ ቦሎቄ ስለሆነ የግድ የምነግርሽ ነገር አለ። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ሌክቲን የሚባል መርዛማ ነገር አለ፣ አራት አምስት ፍሬ ብቻ በልቶ የሚታመም ሰው አለ። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ማቅለሽለሽ፣ ከባድ ትውከት፣ ከዚያ ተቅማጥ ያመጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ አፍሉት ይላል። ፕሬዠር ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ በደንብ ያጠፋዋል። አደጋው ያለው እዚያው ማሽን ላይ ባለው «ስሎው ኩክ» በሚለው ቁልፍ ነው። እሱ ቀስ እያለ፣ ከፈላ ውሃ በታች ነው የሚያሞቀው። እንደዚያ ለብ እያለ የበሰለ ቀይ ቦሎቄ መርዙ ከጥሬው ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ቀይ ቦሎቄ በ«ስሎው ኩክ» ፈጽሞ አታብስዪ። ከፕሬዠር ወጥቶም ጥርስ የሚታገል ከሆነ አትብሉት፣ መልሰሽ አብስዪው። ያን ቀን ጠጠር የሆነውን ለማንም እንዳልሰጠሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከፍታው ደግሞ አለ። አውሮራ ከዴንቨር ጎን ናት፣ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር በላይ። ውሃ እናንተ ጋ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባማ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነች በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ንፍሮ ከሰል ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውለው አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። ኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር የሚጨምረው ግፊት ውጭ ባለው አየር ላይ ነው፣ ስለዚህ አየሩ ሲሳሳ ውስጡም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 116 ዲግሪ የሚደርስ ድስት እናንተ ጋ 113 አካባቢ ላይ ይቆማል። የተለመደው ስሌት ከ600 ሜትር በላይ ለየ300 ሜትሩ 5 በመቶ ጊዜ መጨመር ነው። ላንቺ ከ17 እስከ 20 በመቶ ይመጣል። ባልደረባሽ አሠራሩን ያገኘችው ዝቅ ካለ አገር ሰው ከሆነ፣ የእሷ 30 ያንቺ 35 ነው።

ውሃው ራሱም ይለያያል። ላስ ቬጋስ ያላችሁ ደግሞ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ የቧንቧችሁ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ ለመዘፍዘፊያም ለመቀቀያም የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ።

እንግዲህ ወደ ድስቱ። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፣ መጠኑ ለአንድ ፓውንድ ቦሎቄና ለ6 ኳርት ድስት ነው።

ቤከኑን፣ ግማሽ ፓውንድ ገደማ፣ በጣት ስፋት ቆራርጪና ድስቱ ገና ቀዝቃዛ እያለ ክተቺው። ከዚያ «ሶቴ» የሚለውን የመጥበሻ ቁልፍ ዝቅ ባለ ሙቀት አብሪው። ቀዝቃዛ ድስት የምልሽ ስቡ ቀስ ብሎ ቀልጦ እንዲወጣ ነው፤ የጋለ ድስት ላይ ከጣልሽው ላዩ ያርና ስቡ ውስጡ ይቀራል። መጀመሪያ ነጭ አረፋ ያወጣል፣ ድምፁም ቸስ ቸስ የሚል ነው፣ ውሃው እየወጣ ስለሆነ። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ቀጠን ይላል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ቡናማ ይሆናል። ያኔ ግማሹን አውጥተሽ ወረቀት ላይ አስቀምጪ። እሱ በመጨረሻ ላዩ ላይ የሚነሰነሰው ነው፣ ከቦሎቄው ጋር ፕሬዠር ውስጥ የገባ ቤከን መቼም ቀርጠፍ ብሎ አይወጣም። ሌላው ግማሽ ድስቱ ውስጥ ይቆይ፣ ጭሱንና ጨዉን የሚሰጠው እሱ ነው። ስቡ ከበዛ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል አስቀርተሽ ሌላውን ቅጂው፤ አትጣዪው፣ ለዕንቁላል ጥብስ ይሆናል። የሚቀረው ስብ ከጣዕም ሌላ ጥቅምም አለው፣ የቦሎቄውን አረፋ ያበርደዋል።

በዚያው ስብ አንድ ትልቅ ሽንኩርት አቁላዪ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሪ። ከዚያ ግማሽ ኩባያ ውሃ አፍስሺና በእንጨት ማንኪያ ሥሩን ፋቂው። ይህን ነገር በጥድፊያ አትለፊው። «በርን» ያለሽ እዚህ ነው። ማሽኑ ሥሩ ላይ ሙቀት የሚለካ ነገር አለው፣ የተጣበቀ የቤከን ቅሪት ወይም ሥር የተኛ ድልህና ሞላሰስ ካለ ሙቀቱ እዚያው ይጠራቀምና ማሽኑ አረረ ብሎ ያቆማል። ማንኪያሽን ስታንሸራትቺ ምንም የሚያደናቅፍ ነገር እስከማይኖር ፋቂው። ያ የተፋቀው ቡናማ ነገር ደግሞ የመረቁ ጣዕም ነው።

ከዚያ «ሶቴ»ውን አጥፊ፣ የተዘፈዘፈውን ቦሎቄ ጨምሪ፣ ውሃው ቦሎቄውን በአንድ ጣት ስፋት ይለፈው። አራት ኩባያ አካባቢ ይሆናል። ፕሬዠር ኩከር ውሃ አያባክንም፣ እንደ ተራ ድስት ከሞላሽው ሾርባ ነው የሚወጣልሽ። የድስቱን ግማሽ እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቂ፣ ቦሎቄ ያብጣል፣ ያረፋልም። የበሶብላ ሳይሆን የቤይ ቅጠል አንድ ሁለት ብትጥዪ ጥሩ ነው። ጨው አሁን አትጨምሪ፣ ከቤከኑም ከዘፈዘፍሽበትም ገብቷል።

ጊዜው ለተዘፈዘፈ ቀይ ቦሎቄ በከፍተኛ ግፊት 15 ደቂቃ፣ ላንቺ 18። ሳይዘፈዘፍ ከሆነ 40፣ ላንቺ 47። ጥቁሩና ፒንቶው ሲዘፈዘፍ 10 ይበቃቸዋል፣ ላንቺ 12። ከዚያ በራሱ ይተንፍስ።

ስትከፍቺው አንድ ፍሬ ብቻ ቀምሰሽ አትፍረጂ። ከተለያየ ቦታ አምስት ፍሬ በማንኪያ አውጪና እፍ በዪበት። የበሰለ ከሆነ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ከዚያ በምላስሽና በላንቃሽ መሃል ጨፍልቂው፣ አሸዋ አሸዋ ካለ ገና ነው። ከአምስቱ አንዱ እንኳ ቢጠነክር መልሰሽ ዝጊው፣ 5 ደቂቃ ጨምሪ። ቲማቲሙንና ሞላሰሱን አምስቱም ካልላሙ እንዳታስቢው፣ ከዚያ በኋላ የሚላም የለም።

አሁን ነው እንግዲህ የባልደረባሽ ነገር ሁሉ የሚገባው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሁለት ሞላሰስ ወይም ቡናማ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ በመጨረሻ ትንሽ አቼቶ። «ሶቴ» ዝቅ ባለው፣ ሳይከደን፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እያማሰልሽ አንተክትኪው። መረቁ ቀጭን ከሆነብሽ አንድ ጭልፋ ቦሎቄ ድስቱ ግድግዳ ላይ ጨፍልቂና መልሰሽ አማስዪው፣ ዱቄት አያስፈልግም። ጨዉን አሁን ቅመሺ። እኔ በርበሬም ጣል አደርጋለሁ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከሞላሰስ ጋር በጣም ይስማማል።

ለዚህ ምግብ ከቀዩ ይልቅ ትንሹ ነጭ ቦሎቄ እንደሚሻል ግን ልንገርሽ። ቅርፊቱ ስስ ነው፣ መረቁንም ያወፍራል። ይህ ነጭ ቦሎቄ ከኛ ስምጥ ሸለቆ ተለቅሞ ወደ ውጭ የሚላከው ነው። መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው አዋሽ 1 የሚባለው ዝርያና ሜክሲካን 142፣ ለቆርቆሮ ቤክድ ቢንስ ፋብሪካዎች የሚሄዱ ናቸው። እዚህ ኔቪ ቢን በሚባለው ስም ታገኚዋለሽ። ሲዘፈዘፍ 10 ደቂቃ፣ ላንቺ 12።

አሁን ወደ እናትሽ። የእሳቸው ጭስ ከተርኪ ይምጣ። የተጨሰ የተርኪ እግር ወይም አንገት ግሮሰሪ ውስጥ ከቤከኑ ብዙም ሳይርቅ ታገኚዋለሽ። ብቻውን በአራት ኩባያ ውሃ 30 ደቂቃ በፕሬዠር ቀቅዪው፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል፣ መረቁም ጭስ ጭስ ይላል። ሥጋውን መንጥቀሽ አስቀምጪና የተዘፈዘፈውን ቦሎቄ በዚያ መረቅ አብስዪው። በጣም ጨዋማ ስለሆነ ጨው እስከ መጨረሻው አትንኪ። የተርኪ ቤከን የሚባለው ግን ስቡ ትንሽ ነው፣ ድስት ላይ ይጣበቃል፣ ከተጠቀምሽበት ሁለት ማንኪያ ዘይት አስቀድሚለት። የበሬ ቤከን ከሃላል ሱቆች ታገኚያለሽ፣ እሱ ስብ አለው፣ እንደ ዋናው ነው የሚሠራው። ቋንጣም ይሆናል፣ ሰባብረሽ በመጨረሻው መንተክተክ ላይ ጣል አድርጊው፤ ጣዕሙ ግን ወደ ወጥ ይሄዳል፣ እናትሽ ምናልባት ይህኛውን ይመርጡ ይሆናል። ለጾም ቀን ዘይት፣ ብዙ ሽንኩርትና የተጨሰ ፓፕሪካ ይበቃል።

ስትገዢ ጽሑፉን አንብቢ። የተርኪ ወይም የዶሮ ተብሎ የሚሸጥ ቋሊማ ሽፋኑ ካሳማ አንጀት የሆነ አለ። በቆርቆሮ ከሚመጣው የተፈጨ ቦሎቄም ያሳማ ስብ ያለበት አይጠፋም።

ስለ ድስቱ ያነሳሽው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው አያስበውም። የውስጡ ድስት ብረት ስለሆነ ታጥቦ ይጠራል። ክዳኑ ውስጥ ያለው ጎማ ግን ሲሊኮን ነው፣ ሽታና ስብ ይመጥጣል። የቤከን ሽታ አንዴ ከያዘ ብታጥቢው፣ ፀሐይ ላይ ብታሰጪው፣ አቼቶ ብትቀቅዪበት ይቀንሳል እንጂ አይለቅም። በሚቀጥለው ቀን የጾም ምስር ብትሠሪበት ይሸታቸዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ጎማ ግዢ፣ በቀለም የሚለያዩ ስላሉ ቀዩ ላንቺ፣ ሌላው ለእሳቸው ይሁን። የውስጥ ድስትም ለብቻው ይሸጣል፣ እኔ ብሆን እሱንም እጨምር ነበር። ክዳኑንና ቫልቩን ደግሞ ነቅለሽ በሳሙና እጠቢ፣ ስቡ እዚያ ይደበቃል። ለሳቸውም በግልጽ ንገሪያቸው፤ የትኛው የሳቸው እንደሆነ አይተው ካወቁ ተረጋግተው ይበላሉ።

ሌላ ሁለት ነገር። ማሽኑ ላይ በኋላ እንዲጀምር የሚያዝ ቁልፍ አለ፣ ቦሎቄውን ብቻውን በውሃ ዘፍዝፎ ለማስቀመጥ ጥሩ ነው፣ ሥጋ ያለበትን ግን እንደዚያ አድርገሽ ሥራ አትሂጂ፣ ሥጋ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የተረፈውንም በድስቱ ሙሉ አታሳድሪ፣ ትልቅ ድስት መሃሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ገልብጠሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ ሦስት አራት ቀን ይቆይልሻል፣ ፍሪዘር ከሆነ ደግሞ ወራት።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ያ የዓምናው ግማሽ ከረጢት አሁንም እምቢ ካለ፣ ብቻውን ዘፍዝፊውና ስትቀቅዪው ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪበት። ከዚያ አታሳልፊ፣ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚን ቢ1ንም ይገድላል። እሱም ካላላመው ጣዪውና አዲስ ግዢ፣ ፓውንዱ ውድ አይደለም። ድስትሽ ስንት ኳርት እንደሆነና የሚቀጥለው ምን እንደመሰለ ጻፊልኝ፤ 8 ኳርት ከሆነ ውሃውን ትንሽ እናስተካክላለን።